ጀልባን የሚያበሰብሳት ከታች ያለው ውሃ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሁለት ሰው አሳድራ ለጥቂት ቀናት ጉዞ ስለምትበቃ፣ ቤት ውስጥ ልትሠራ ስለምትችል ትንሽ ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። የቀፎው፣ ማለትም የጀልባዋ ገላ፣ አሠራር በደንብ ተብራርቷል። ኮምፔንሳቶው (ስስ የእንጨት ንጣፎች በኮላ ተያይዘው የሚሠራ ሉህ) በልኩ ተቆርጦ፣ ጠርዝ ለጠርዝ በመዳብ ሽቦ ተሰፍቶ፣ ስፌቱ ከውስጥ በኢፖክሲ (ሬዚንና ማጠንከሪያ የተባሉ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክር ማጣበቂያ) ሲሞላ ቅርጹ እንዴት እንደሚወጣ ማንም ሊከተለው በሚችል መንገድ ቀርቧል። ቅር ያሰኘን አጨራረሱ ነው። ቀፎው ተገልብጦ ቀለም ሲቀባ ሥራው አለቀ ተብሏል። ቀፎው ከጠቅላላው ሥራ ሲሶውን ቢይዝ ነው። ዴኩ (የላዩ ወለል)፣ ካቢኑ (የመኝታ ክፍሉ)፣ ኪሉ (ከሆዷ ሥር የሚታሰረው ከባድ ክፍል)፣ መሪው፣ ምሰሶውና የብረታ ብረቱ ገጠማ ገና ይቀራሉ። የጀልባዋን ዕድሜ የሚወስነው ስህተትም የሚሠራው በዚያ በቀረው ሥራ ላይ ነው።

እንዲህ ያለች ጀልባ በማዕበል ተመታ የምትጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨርሳት ዝናብ ነው። ጨው ያለበት ውሃ ለእንጨት አብስባሽ ፈንገስ አይመችም፤ ከላይ የሚወርደው ንጹሕ ውሃ ግን ይመቸዋል። ፈንገሱ የሚነሳው የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከ20 በመቶ በላይ አልፎ ሲቆይ ነው። ዝናቡ ዴኩ ላይ ያርፋል፣ በአንዲት ቪቴ ቀዳዳ ይገባል፣ የኮምፔንሳቶውን መሐል ንጣፍ ያገኛል። እንጨት ደግሞ በገጹ ከሚጠጣው ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ የሚጠጣው እጅግ ይበልጣል። ከላይም ከታችም በኢፖክሲ ስለታሸገ የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ከውጭ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ጣት ሲጫኑት ግን ይሰምጣል።

ጽሑፋችሁ «ማሪን ኮምፔንሳቶ ከሆነ አይበሰብስም» ይላል። ይህ በየቦታው የሚሰማ አባባል ነው፤ ስህተትም ነው። ማሪን ማለት ንጣፎቹን ያያያዘው ኮላ በውሃ አይፈታም፣ በንጣፎቹ መሐልም ክፍተት የለም ማለት ነው። ቢኤስ 1088 የሚለው የብሪታንያ የማሪን ኮምፔንሳቶ ደረጃም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ይኸው ነው። ለጀልባ በጣም የሚወደደው ኦኩሜ ቀላል፣ ለመታጠፍ የሚታዘዝና በመጋዝ የሚያምር እንጨት ነው፤ መበስበስን በመቋቋም ረገድ ግን ደካማ ከሚባሉት ይመደባል። ሉሁ ላይ የታተመውን ማኅተም ብቻ ከማመን ይልቅ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ወስዶ ለጥቂት ሰዓታት ማፍላት፣ አድርቆ እንደገና ማፍላት፣ ከዚያም በመሮ ለመፈልቀቅ መሞከር ይሻላል። እንጨቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ኮላው ደህና ነው። ንጣፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ከተገለጡ ሉሁ ለመደርደሪያ ይሁን።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ዴኩ ላይ በ6 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚታሰር ዕቃ አለ እንበል፤ የገመድ ማሰሪያ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በ6 ሚሊ ሜትር መብሻ ቀድዶ፣ ዙሪያውን ማሸጊያ ቀብቶ ያጠብቀዋል። ማሸጊያው ይደርቃል፣ ብሎኑ በጭነት ይነቃነቃል፣ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ውሃው መንገዱን ያገኛል። ትክክለኛው አሠራር ሁለት ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ ቀዳዳው በ12 ሚሊ ሜትር ይበሳል። ከሥሩ በፕላስተር ይዘጋል። ምንም ያልተጨመረበት ቀጭን ኢፖክሲ በቀጭን ብሩሽ የቀዳዳው ግድግዳ ላይ ይቀባል፤ ይመጠጣል፣ እንደገና ይቀባል፣ እንጨቱ «በቃኝ» እስኪል። ከዚያ ኢፖክሲው በሲሊካ ዱቄት እንደ ቅቤ እስኪወፍር ተለውሶ ቀዳዳው እስከ አፉ ይሞላል። በማግስቱ በሙሌቱ መሐል በ6 ሚሊ ሜትር ይበሳል። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በእንጨት ውስጥ ሳይሆን በ3 ሚሊ ሜትር የኢፖክሲ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ማሸጊያው ቢከዳ እንኳ ውሃው እንጨት አያገኝም። የቀዳዳው አፍ ከላይ ትንሽ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ይከፈት፤ ማሸጊያው እንደ ቀለበት የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልገዋል። ከሥር ሰፊ ማጠናከሪያ ሳንቃ፣ ሮንዴላና ዳዶ። ብሎኑን መጀመሪያ ቀለል አድርጎ ማሰር፣ ማሸጊያው ሲረጋ ጭንቅላቱን ይዞ ዳዶውን ብቻ ማጥበቅ። በመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ያጠበቀ ሰው ማሸጊያውን ሁሉ ወደ ውጭ አስወጥቶታል።

ማሸጊያው ሲሊኮን አይሁን። ሲሊኮን ባረፈበት ቦታ ቀለምም ኢፖክሲም ዳግመኛ አይይዝም፤ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ለማጥፋት መሞከርም ቅሪቱን ያሰራጨዋል። ፖሊሰልፋይድ ወይም ቡቲል የተባለው ማሸጊያ ይበቃል።

በአንዲት ትንሽ ጀልባ ዴክና ካቢን ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ በቀላሉ ከመቶ ያልፋል። አሰልቺ መሆኑን አንክድም። ሰው ይህን የሚዘለው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ጀልባዋን ውሃ ላይ ለማውረድ ስለሚጣደፍ ነው።

ኢፖክሲን በተመለከተ ሁለት ምክሮቻችሁ መታረም አለባቸው። አንደኛው ብርድ ሲሆን ማጠንከሪያውን ጨመር ማድረግ የሚለው ነው። ይህ ፖሊስተር የተባለው የሌላ ዓይነት ሬዚን ልማድ ነው። ፖሊስተር ላይ የሚጨመረው ጠብታ ሥራውን የሚያስጀምር ነው፤ የኢፖክሲ ማጠንከሪያ ግን ግማሽ አካሉ ነው፤ ከሬዚኑ ጋር በልክ ይጋባል። የተረፈው ሳይጋባ ይቀርና ሙሌቱ ለዘላለም እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፤ መድኃኒቱም መፋቅ ብቻ ነው። አምራቹ 2 ለ1፣ 3 ለ1 ወይም 5 ለ1 ይል ይሆናል። ልኩ በመጠን ነው ወይስ በክብደት የሚለውን ማንበብ ግዴታ ነው፤ ሁለቱ ፈሳሾች እኩል ስለማይከብዱ ቁጥሩ አንድ አይሆንም። ብርድ ከሆነ ፈጣኑን ማጠንከሪያ መግዛት ወይም ክፍሉንና ሬዚኑን ማሞቅ ነው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ የጽዋውን ግድግዳና ታች እየፋቁ ማማሰል። ካማሰሉ በኋላ ጽዋ ውስጥ አለማቆየት፤ ሙቀቱ ታፍኖ ይነሳል፣ ጽዋው ይጨሳል። ሰፊ ዝቅተኛ ዕቃ ላይ ቢገለበጥ የመሥሪያ ጊዜው ይረዝማል።

ሁለተኛው ርካሽ ስለሆነ በፖሊስተር ሬዚን ሥሩ የሚለው ነው። ፖሊስተር ከእንጨት ጋር ያለው ፍቅር ጊዜያዊ ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ይላቀቃል። በኢፖክሲ ላይም አስተማማኝ ሆኖ አይይዝም። እርግጥ ነው፣ የስፌት አሠራሩን ዓለም ያወቀው በፖሊስተር ነበር። ጋዜጣ ስለ ጀልባ መሥራት ማውራቱም አዲስ ነገር አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ1963 በብሪታንያ ዴይሊ ሚረር የተባለው ጋዜጣ የደገፋት፣ ጃክ ሆልትና ባሪ በክኔል የነደፏት ሚረር የተባለች 3.3 ሜትር ጀልባ ቀይ ሸራዋን ይዛ ወጣች፤ ከ70,000 በላይም ተሠራች። ያቺ ግን ከውሃ ወጥታ፣ ተገልብጣ፣ ደርቃ የምታድር ቀላል ጀልባ ነች። ካቢን ያላት፣ ወር ሙሉ ውሃ ላይ ታስራ የምትቆም ጀልባ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጽሑፉ ያልጠቀሰው ሌላም አለ። ኢፖክሲ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ቅባት ይተዋል። ሳይታጠብ ብርጭቆ ወረቀት ካረፈበት ቅባቱ ወደ ጭረቱ ይገባና ቀጣዩ ቅብ ወይም ቀለም ከወራት በኋላ እንደ ቆዳ ይላጣል። ንጹሕ ውሃና ሻካራ ስፖንጅ ይበቃዋል፤ ኋላ ላይ ነው መፋቁ። ባዶ እንጨት የሚቀባው ደግሞ ሙቀቱ እየወረደ ባለበት በምሽት ይሁን። በጠዋት የተቀባ እንጨት ፀሐዩ እየጠነከረ ሲሄድ በውስጡ ያለው አየር ይነፋና ቅቡን በጥቃቅን አረፋ ይሞላዋል፤ እያንዳንዱ አረፋ ቀዳዳ ነው። እጅ ላይ የነካ ኢፖክሲ በቲነር አይጠረግ፤ ቲነሩ ወደ ቆዳ ያስገባዋል። ጓንት፣ ከነካም ሳሙናና ውሃ። አንዴ አለርጂ ከያዘ አይለቅም፤ ግማሽ ላይ የቆሙ ጀልባዎች ከዚህ የተነሳም አሉ።

የሉሁ ርዝመት 2.44 ሜትር ስለሆነ ለ6 ሜትር ጀልባ ሉሆች መቀጣጠል አለባቸው። ቅጥያው በ8 ለ1 ስላሽ ይሁን፣ ማለትም ጫፉ ከውፍረቱ ስምንት እጥፍ በሆነ ርዝመት ላይ እየሳሳ ይላግ፤ ለ9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ 72 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሉሆቹን እንደ ደረጃ በ72 ሚሊ ሜትር እያሸሹ ደራርቦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መላግ ሥራውን ያፈጥነዋል። ንጣፎቹ በስላሹ ላይ እንደ መስመር ይታያሉ፤ መስመሮቹ ቀጥ ካሉ ስላሹ ቀጥ ብሏል፣ ከተጣመሙ መላጊያው ዘንበል ብሏል። ከዚያ ቀጭን ኢፖክሲ፣ ከእሱ በኋላ የወፈረው፣ ከላይ ክብደት። በሞርሴቶ አናቱን እስኪያወጣ ማሰር አያስፈልግም፤ ኮላው ሁሉ ይወጣና መጋጠሚያው ይራባል። የተራበ መጋጠሚያ የሚሰበረው ቤት ውስጥ አይደለም፤ ጎኑ ሲታጠፍ ነው።

ቀፎው ከተሰፋ በኋላ፣ የጥግ ሙሌቱ ከመግባቱ በፊት፣ መጠምዘዙ ይታይ። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች አንዱ በፊት አንዱ በኋላ በአግድም ይጋደማሉ፤ ከኋላ ቆሞ በአንድ ዓይን ሲታዩ ትይዩ መሆን አለባቸው። ግልጽ ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፎች ማመዛዘንም ከማንኛውም ውሃ ልክ ይበልጣል። በዚህች ሰዓት ጥምዝምዙ በአንድ ድጋፍና በአንድ ገመድ ይቃናል። ሙሌቱ ከደረቀ በኋላ የሚያቃናው ኃይል የለም፤ ጀልባዋም በቀኝ ነፋስ አንድ ዓይነት፣ በግራ ነፋስ ሌላ ዓይነት ሆና ትኖራለች።

ክብደትን በሚመለከት ቁጥር እናስቀምጥ። የውሃ መስመሯ (ውሃው የሚደርስበት መስመር ርዝመት) 5.2 ሜትር፣ በዚያ መስመር ላይ ስፋቷ 1.8 ሜትር የሆነች ጀልባ ውሃ ላይ የምትይዘው ገጽ 6.4 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ በ64 ኪሎ ግራም 1 ሴንቲ ሜትር ትሰምጣለች። አንድ የ9 ሚሊ ሜትር የኦኩሜ ሉህ 13 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ከበድ ባለው የሳፔሌ እንጨት ቢሆን 17 ይጠጋል። ሃያ ሉህ ላይ ልዩነቱ 80 ኪሎ ግራም ይሆናል። አንድ ሴንቲ ሜትር ምን አላት ይባል ይሆናል። ችግሩ «ለጥንካሬ» እየተባለ የሚወፍረው ነገር ሁሉ በዚያው ላይ መጨመሩ ነው፤ ወፍራም መደርደሪያ፣ ወፍራም የካቢን ጣሪያ፣ ከሚያስፈልገው እጥፍ የሆነ ሙሌት። ወደ ጀልባዋ የሚገባውን ሁሉ እየመዘኑ በደብተር መጻፍ ከዚህ ያድናል።

ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ክብደት ግን ከታች መሆን አለበት። 300 ኪሎ ግራም እርሳስ 26 ሊትር ተኩል ቦታ ይይዛል፤ ያው ክብደት በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ በተሠራ ብረት ቢሆን 42 ሊትር ገደማ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በቤት ማቅለጥ ይቻላል ሲባል የሚረሳው ጉዳይ እርጥበት ነው። በቅርጽ ማውጫው ውስጥ የቀረች አንዲት የውሃ ጠብታ በቅጽበት እንፋሎት ሆና የቀለጠውን እርሳስ ወደ ፊት ትረጨዋለች። ማውጫው ለቀናት ይድረቅ፣ የሚጨመሩት ቁርጥራጮችም ይሙቁ፤ ሥራው ደጅ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ በትክክለኛ የመተንፈሻ ጭምብል ይሁን። አንዴ የተጀመረ መገልበጥ አይቋረጥም፤ ከተቋረጠ ሁለት ንጣፍ ይሆንና አይዋሃድም። ሲቀዘቅዝ መሐሉ ስለሚሰረጉድ በሙቁ መሙላት ነው። እርሳስን መብሳት ቀላል ይመስላል፤ መብሻውን ግን ነክሶ ይይዛል። ሳሙናማ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ እያወጡ መብሳት ያስፈልጋል።

ኪሉን የሚይዙት ብሎኖች ስቴንለስ እንዲሆኑ መክራችኋል። ስቴንለስ የማይዝገው ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። እርጥብ እንጨት ውስጥ ታፍኖ ሲቀመጥ በየቦታው እየተቦረቦረ ይበላል፤ ጭንቅላቱ እያብረቀረቀ አንገቱ ሊያልቅ ይችላል። ለእርሳስ ኪል የሲሊከን ነሐስ ብሎን ይሻላል። ኪሉ ብረት ከሆነ ግን ነሐሱ ብረቱን ያስበላዋል፤ እዚያ አይገባም። ተራ የናስ ቪቴ ደግሞ ከነጭራሹ ለባሕር አይሆንም፤ ዚንኩ ይታጠብና ቀይ፣ ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ይቀራል።

ስለ ምሰሶው በአጭሩ። ድፍን ምሰሶ መሥራት ይቀላል፤ ከላይ ያለ ክብደት ግን ጀልባዋን ያንገዳግዳል። ስምንት ዘንጎች እያንዳንዳቸው በአንድ ጠርዛቸው የወፍ አፍ የመሰለ የ90 ዲግሪ ጎድጓዳ ቁርጥ ወጥቶላቸው ሲገጠሙ ውስጡ ክፍት የሆነ ክብ ምሰሶ ይሆናሉ። ውፍረቱ 100 ሚሊ ሜትር ለሚሆን ምሰሶ ዘንጉ 40 በ20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱ ከድፍኑ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። የዘንጎቹ ቅጥያ 12 ለ1 ይሁን፤ ሁሉም በአንድ ከፍታ ላይ አይዋሉ። እግሩና ገመዶቹ የሚታሰሩበት ቦታ በእንጨት ይደፈናል። የመድፈኛው ጫፍ በቀጥታ ከተቆረጠ ምሰሶው የሚሰበረው እዚያው መስመር ላይ ስለሆነ እንደ ምላስ እየሳሳ ይለቅ። ከታች ደግሞ የእርሳስ መጻፊያ የምታስገባ የውሃ መውጫ ትበሳ።

ካቢኑን በሚመለከት ለመኝታ 1.95 ሜትር ርዝመት፣ ትከሻ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል፤ እግር ጋ 40 ቢሆንም ችግር የለውም። ከመቀመጫው እስከ ጣሪያው 92 ሴንቲ ሜትር ከሌለ ግን ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጠው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አየር ነው። እያንዳንዱ የተዘጋ ክፍል ሁለት ቀዳዳ ይኑረው፤ አንዱ ብቻ ከሆነ አየሩ አይንቀሳቀስም። በየመከፋፈያ ግድግዳው ዝቅተኛ ጥግ ላይ 25 ሚሊ ሜትር የውሃ ማለፊያ ይከፈት፣ ጠርዙም በኢፖክሲ ይታሸግ። መኝታው ከተገጠመ በኋላ ይህን ለመክፈት የሚሞክር ሰው በሆዱ ተኝቶ፣ ትራፓኖውን በማይታይ ቦታ ይዞ ነው የሚሠራው።

በመጨረሻ ያ ሁሉ ኢፖክሲ በቀለም ካልተሸፈነ ፀሐይ ትበላዋለች፤ ይቢጫል፣ ከዚያ እንደ ኖራ ይለቃል። ዴኩ ነጭ ወይም ፈዛዛ ይሁን፤ ጥቁር ሰማያዊ ዴክ በቀትር እጅ አያስነካም፣ ከሥሩ ያለውን መጋጠሚያም ያለሰልሰዋል። አዎ፣ «ቤት ውስጥ» ስትሉ የበሩን ስፋት አላነሳችሁም። የጀልባዋ ስፋት 2.2 ሜትር ከሆነ፣ በሩ ደግሞ 2 ሜትር ከሆነ፣ ጎን አጋድሞ ማውጣት የሚቻለው ካቢኑ ከመገጠሙ በፊት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቁራጭ በፊት በሜትር ለክቶ ማወቅ ይገባል።

ጀልባዋ ውሃ ላይ በወረደችበት ቀን ሁሉም ሰው ወደ ሆዷ አጎንብሶ ውሃ ገባ አልገባ ብሎ ይመለከታል። ያ ፍተሻ የሚያሳየው ከታች የሚገባውን ውሃ ብቻ ነው። ዋናው ፍተሻ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት ነው፦ ባትሪ ይዞ ገብቶ፣ የካቢኑን ጣሪያ ከውስጥ እያበሩ፣ በእያንዳንዱ ዳዶ ሥር ደረቅ ወረቀት እየጫኑ ማየት። ወረቀቱ የረጠበበት ብሎን በዚያው ሳምንት ይፈታ፣ ቀዳዳው ለጥቂት ቀናት ክፍት ሆኖ ይድረቅ፣ ከዚያ በ12 ሚሊ ሜትር እንደገና ይጀመር።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢዎቻችሁ የሆኑ የጀልባ አናጢዎች